የድምፅ ፋይል ሰው ሊጎዳ ይችላል ወይ?

ርዕሱ ትንሽ ያሳፍራል። ሰው የሚጎዳው ግን አፍሮ ሳይጠይቅ ሲቀር ነውና በግልጽ እንነጋገር። ለወሲብ ደስታ ብለው በሰውነታቸው ላይ አነስተኛ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፉ አዋቂዎች አሉ። ምልክቱን የሚሰጠው አንዳንዴ ከስልክ ወይም ከኮምፒውተር የሚጫወት የድምፅ ፋይል ነው። «ድምፅ ምን ያደርጋል?» የሚል አይጠፋም። እኛ የኤሌክትሪካል ተማሪዎች ግን እንዲህ ማለት የለብንም።

ከጆሮ ማዳመጫ ሶኬት የሚወጣው ድምፅ ሳይሆን ተለዋዋጭ ቮልቴጅ ነው። ስፒከር ላይ ሲደርስ አየር ያንቀጠቅጣል፤ በኤሌክትሮድ በኩል ቆዳ ላይ ሲደርስ ደግሞ ነርቭና ጡንቻ ያነቃቃል። ለሕመም ማስታገሻ የሚውለው ቴንስ የሚባለው መሣሪያም ነርቭን የሚያነቃቃው በኤሌክትሪክ ነው።

አንደኛው አደጋ ልብ ላይ ነው። በ50 ኸርዝ ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፍ በአሥሮች የሚቆጠር ሚሊአምፔር የልብን ምት ሊያዛባ ይችላል። ስለዚህ ኤሌክትሮድ ከወገብ በላይ አይደረግም፤ ደረት፣ አንገትና ጭንቅላት ጭራሽ ክልክል ናቸው። የልብ ሕመም ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት፣ ልቡን የሚቆጣጠር መሣሪያ የተገጠመለት ሰውና ነፍሰ ጡር ሴት አይሞክሩት።

ሁለተኛው የግድግዳው 220 ቮልት ነው። ቻርጀር ላይ የተሰካ ላፕቶፕ ወይም በመስመር ኃይል የሚሠራ አምፕሊፋየር ውስጡ ቢበላሽ ያ ቮልቴጅ ሰውነት ድረስ ሊመጣ ይችላል። ምንጩ በባትሪ ብቻ ይሥራ። በመሀል ደግሞ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ዲሲን አያሳልፍም፣ ዲሲ ደግሞ በኤሌክትሮዱ ሥር ቆዳን በኬሚካል ያቃጥላል። እንዲያውም ቤት ውስጥ ከተገጣጠመ ነገር ይልቅ ለሰውነት ተብሎ የተሠራና የተፈተሸ መሣሪያ ይሻላል።

ሦስተኛው ፋይሉ ራሱ ነው። ሁለት ፋይሎች በአንድ ቮልዩም እኩል ኃይል አይሰጡም። ስለዚህ ፋይል በተቀየረ ቁጥር ቮልዩሙን ዜሮ አድርጎ ቀስ እያሉ መጨመር ነው። አዲስ ፋይል አስቀድሞ በጆሮ ቢሰማ ድንገት የሚጮኽ ቦታ ካለው ይታወቃል። ስልኩ ቢጠራስ? የጥሪው ድምፅ በቀጥታ ወደ ሰውነት ይሄዳል! ከአውታር ማውጣትና ማንቂያውንም ማጥፋት ያስፈልጋል።

ስሜቱ ሲቀንስ ብዙ ሰው ቮልዩም ይጨምራል። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው፤ ምናልባት ኤሌክትሮዱ ግማሹ ተላቆ ይሆናል። ያው ከረንት በትንሽ ቦታ ሲያልፍ ያቃጥላል። መጀመሪያ ዜሮ፣ ከዚያ ማጥፋት፣ ከዚያ ማስተካከል።

ሰክሮ ወይም እንቅልፍ ይዞት የሚሞክር ሰው በጊዜ ማጥፋት አይችልም። ሁለት ሰዎች ከሆኑም ፈቃደኝነቱ የሁለቱም፣ ማጥፊያው ደግሞ ኤሌክትሮዱ ባለበት ሰው እጅ ይሁን።