ቁራጭ ወረቀት በቤታችን

ለመሆኑ ልጆቻችን ሌሊቱን ሲያነቡ አድረው ፈተና ላይ ሲቀመጡ ያነበቡት ሁሉ የት ይሄዳል? ጥያቄው የብዙ ወላጆች ነው። በተለይ በ2015 ዓ.ም. ጥር ወር የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ሲገለጽ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ ተፈታኞች 3 ያህሉ ብቻ መሆናቸው ከተሰማ ወዲህ በየቤቱ ገብቷል። ምክንያቱ ብዙ ስለሆነ ሁሉንም እዚህ አንፈታውም። እኛ በመምህርነታችን ደጋግመን የምናየው ግን አንድ ነገር አለ። ተማሪዎቻችን ደብተራቸውን ገልጠው ያነባሉ፤ መልሰው ያነባሉ፤ በቀለም ያሰምሩበታል። ዓይናቸው ገጹን ይለምደዋል፤ ልባቸው ግን አይዘውም። ደብተሩ ሲከደን ትምህርቱም አብሮ ይከደናል።

ለዚህ ችግር በጣም የሚረዳው ነገር ዋጋው የአንድ ሉክ ማኒላ ወረቀት ነው። ሉኩን ለሁለት ለሁለት እያልን አምስት ጊዜ ብንቆርጠው 32 መዳፍ የሚያክሉ ካርዶች ይወጡታል። በአንዱ ገጽ ጥያቄ፣ በጀርባው መልስ ይጻፋል። ከፊት «ዕፅዋት ምግባቸውን ለማዘጋጀት ምን ምን ያስፈልጋቸዋል?»፣ ከኋላ «ብርሃን፣ ውሃ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ»። ዐረብኛ ለሚማር ከፊት «ከተበ»፣ ከኋላ «ጻፈ»። በአንድ ካርድ ላይ አንድ ነገር ብቻ! ምዕራፉን በሙሉ በደቃቅ ፊደል ካጨቅንበት ካርድ መሆኑ ቀርቶ ትንሽ ደብተር ይሆናል።

መድረሳ ለተማረ ሰው ይህ አሠራር እንግዳ አይሆንበትም። ልጁ ሉሑን አስቀምጦ ደርሱን በቃሉ ለኡስታዙ ያሰማል እንጂ «አንብቤዋለሁ» ብሎ አያልፍም። ሲሳሳት ይመለሳል፤ ካላሰማም ወደሚቀጥለው አይሻገርም። ያ ልጅ ከሰዓት በኋላ በአስኳላው የባዮሎጂ ደብተሩን ሲይዝ ግን የለመደውን ዘዴ መድረሳው በር ላይ ትቶት ይገባል። ለምን እንደሆነ ሁልጊዜ ይገርመናል። ካርድ ማለት እኮ ልጁ ብቻውን ሲሆን የሚያሰማለት ኡስታዝ ነው።

መቼ መቼ ይከለስ ለሚለው ጥያቄ የቆየ ጥናት አለ። ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ ትርጉም የለሽ ቃላትን እየሸመደደ በራሱ ላይ ሙከራ አድርጎ፣ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ሥራው መርሳት በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እጅግ ፈጣን እንደሆነ፣ ከዚያ ግን እየቀዘቀዘ እንደሚሄድ አሳይቷል። ሰባስቲያን ላይትነር የተባለው የኦስትሪያ ተወላጅ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1972 ባወጣው መጽሐፉ ለካርዶች የሚሆን ባለ አምስት ክፍል ሣጥን አስተዋወቀ። የጫማ ካርቶን ይበቃል። አዲስ ካርድ ሁሉ የመጀመሪያው ክፍል ውስጥ ይገባል። ልጁ በትክክል ከመለሰ ካርዱ ወደ ሁለተኛው፣ ቀጥሎ ወደ ሦስተኛው ያልፋል፤ ከሳተ ግን አራተኛው ክፍል ደርሶ የነበረ ቢሆን እንኳ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። የመጀመሪያው ክፍል በየቀኑ፣ ሁለተኛው በየሁለት ቀኑ፣ ሦስተኛው በየሳምንቱ፣ የኋለኞቹ ከዚያም ራቅ ባለ ጊዜ ይታያሉ። በዚህ መንገድ የከበደው ቶሎ ቶሎ ይመጣል፤ ልጁም የሚያውቀውን ብቻ እየደጋገመ ራሱን ሲያሞግስ አይውልም።

ወላጆች ሆይ! ለልጃችሁ በማዘን ካርዱን እናንተ አትጻፉለት። ምኑን ልጠይቅ፣ መልሱን እንዴት ላሳጥረው ብሎ ማሰቡ ራሱ ትልቅ ትምህርት ነው። የእናንተ ድርሻ ጥያቄውን አንብቦ መጠየቅ ነው። ማንበብ የማትችል እናትም ብትሆን ሌላው ልጇ ሲጠይቅ አጠገባቸው መቀመጧ አንድ ነገር ነው። በዚህ ዘዴ የሚሠሩ እንደ አንኪ ያሉ የስልክ ፕሮግራሞች አሉ፤ መልካም ናቸው። ነገር ግን ስልክ የተከፈተው ለጥናት ይሁን ለሌላ ማን ያውቃል?

ካርድ ለተማሪ ብቻም አይደለም። በየቤታችን ስኳርና ደም ግፊት ያለባቸው፣ በቀን ሦስት አራት ዓይነት መድኃኒት የሚወስዱ አባቶችና እናቶች አሉ። መንገድ ላይ ቢወድቁ የሚያነሳቸው ሰው ስልካቸውን መክፈት አይችልም፤ ኪሳቸው ያለውን ካርድ ግን ያነበዋል። የመድኃኒቶቹ ስምና መጠን፣ ጠዋት ወይስ ማታ እንደሚወሰዱ፣ እንደ ፔኒሲሊን ያለ የማይስማማቸው ነገር ካለ፣ የቅርብ ዘመድ ስልክ ቁጥርና የተጻፈበት ቀን ይኑርበት። ሐኪሙ መድኃኒት በለወጠ ቁጥር አሮጌው ተቀዶ አዲስ ይጻፋል፤ ጊዜው ያለፈበት ካርድ ከባዶ ኪስ ይልቅ ሊጎዳ ይችላልና።

ረመዳን ሲቃረብ ደግሞ ለስኳር ሕመምተኛ ሌላ ካርድ ያስፈልጋል። መጾም አለመጾማቸውን፣ የሚጾሙ ከሆነም በሱሑርና በኢፍጣር የሚወሰደው መጠን ስንት እንደሆነ ወሩ ሳይገባ ሐኪማቸውን ጠይቀን፣ እርሱ እንዳለው እንጽፈዋለን። በዒዱ ማግሥት ካርዱ ከኪስ ወጥቶ የወትሮው ይመለሳል።