ምጣድ ስንገዛ የማናየው ዋጋ

ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ካሉት የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ወደ አንዱ ገብታችሁ ፍሪጅ ጠይቁ። ሻጩ ስለ ሊትሩ፣ ስለ ቀለሙ፣ ስለ ዋስትናው ይነግራችኋል። «በዓመት ስንት ኪሎዋት ሰዓት ይበላል?» ስትሉት ግን ምናልባት በሩ ላይ ወደተለጠፈው ወረቀት ይጠቁማችሁ ይሆናል። ወረቀቱ ደግሞ በየአገሩ ይለያያል። የቻይና መለያ ከ1 እስከ 5 ደረጃ አለው፤ ቆጣቢው 1 ነው። የህንዱ በኮከብ ነው፤ እዚያ ደግሞ ቆጣቢው ባለ 5 ኮከቡ ነው። ቁጥሩን ብቻ አይቶ የገዛ ሰው ተቃራኒውን ይዞ ሊወጣ ይችላል ማለት ነው።

ፍሪጅ ቢያንስ ወረቀት አለው። በአብዛኛው የአዲስ አበባ ቤት ትልቁ በላተኛ ግን ምጣዱ ነው፤ እሱ ደግሞ በየሰፈሩ ወርክሾፕ የሚሠራ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ምንም አልተጻፈበትም።

እስቲ እናስላ። የተለመደ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት አካባቢ ይስባል። ለ2 ሰዓት ከተጋገረበት 7 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በወር 8 ጊዜ ከተጋገረ 56 ይሆናል። 10 ዋት የሚስብ ኤልኢዲ አምፖል በቀን 5 ሰዓት ቢበራ በወር የሚበላው 1.5 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው። ኮሪደሩ ላይ የበራውን አምፖል ለማጥፋት የሚሮጠው አባት ስለ ምጣዱ ትንፍሽ አለማለቱ ትንሽ ያስቃል።

ታዲያ «ዋቱ አነስ ያለውን ምጣድ ልግዛ» ብትሉስ? እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚወሳሰበው። ዋት የሚነግረን ምጣዱ በምን ፍጥነት እንደሚበላ እንጂ በአጠቃላይ ስንት እንደሚበላ አይደለም። ሸክላው ወደ 200 ዲግሪ ሴልሺየስ መድረስ አለበት። ሸክላው ወፍራም ከሆነ ለመሞቅ ይዘገያል፤ ከሥር ያለው ሙቀት መከላከያ (ብዙ ጊዜ ጀሶ ነው) ቀጭን ከሆነ ሙቀቱ ወደ ታች ይሄዳል፤ አክንባሎው በደንብ ካልገጠመ ደግሞ ከእንፋሎቱ ጋር ብዙ ሙቀት ያመልጣል። ስለዚህ ቶሎ የሚሞቅ ባለ 3.8 ኪሎዋት ምጣድ፣ ሙቀት ከሚያባክን ባለ 3 ኪሎዋት ምጣድ ያነሰ ሊበላ ይችላል። ይህን በዓይን አይቶ የሚያውቅ ገዢ የለም። መለካት አለበት፦ ለአንድ ኪሎ እንጀራ ስንት ኪሎዋት ሰዓት?

የመንግሥት መስፈርት የሚገባው በዚህ ቀዳዳ ነው። የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 ለኃይል ቁጠባ ሕጋዊ መሠረት ጥሏል። ሥራውን የያዘው የኢነርጂ ባለሥልጣን ነበር፤ ዛሬ የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ሆኗል። ተቋሙ ለኤሌክትሪክ ምጣድ መስፈርትና መለያ ሲያዘጋጅ ቆይቷል። ሁለቱ አንድ አይደሉም። መለያ መረጃ ነው፤ ምርጫው የእናንተው ሆኖ ይቀጥላል። ዝቅተኛ መስፈርት ግን የባሰውን ዕቃ ከነጭራሹ ከገበያ ያወጣል።

«በገንዘቤ የፈለግኩትን ብገዛ መንግሥትን ምን አገባው?» የሚል ጥያቄ እዚህ ጋ ይነሳል፤ ጥያቄው ቀላል አይደለም። ግን ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ፣ ገዢውና ከፋዩ ሁልጊዜ አንድ ሰው አይደሉም። ሲኤምሲ ወይም ሰሚት ከነዕቃው ቤት የተከራየ ሰው ምጣዱንም ፍሪጁንም አልመረጠም፤ የመብራቱን ሒሳብ ግን ይከፍላል። አከራዩ ደግሞ ውድ ግን ቆጣቢ ዕቃ የሚገዛበት ምክንያት የለውም። ሁለተኛ፣ ትራንስፎርመሩ የጋራ ነው። አያት ኮንዶሚኒየም አንድ ብሎክ ላይ 20 አባወራ በበዓል ዋዜማ ምጣድ ቢሰካ 70 ኪሎዋት በአንድ ጊዜ ይፈለጋል። መብራቱ ሲጠፋ የሚጠፋው በሁሉም ላይ ነው፣ ቆጣቢውን የገዛውም ላይ ጭምር።

«ህዳሴ ተመርቆ የለም እንዴ?» ትሉ ይሆናል። አዎ፣ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ አቅሙም 5,150 ሜጋዋት ነው። ግን ከጉባ እስከ ሶኬታችሁ ድረስ መስመር፣ ማከፋፈያ ጣቢያና የሰፈሩ ትራንስፎርመር አሉ። ግድቡ ሲሞላ እነሱ አብረው አይሰፉም።

ክልከላ ብቻውን ግን ድሃውን ይጎዳል። ጋና ከ2013 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያገለገለ ፍሪጅ እንዳይገባ ስትከለክል፣ አሮጌውን ለሚመልስ ሰው የአዲሱን ዋጋ ትቀንስ ነበር። እኛም አገር በ2002 ዓ.ም. አካባቢ መብራት ኃይል በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቆጣቢ አምፖሎችን ለደንበኞች አድሏል። በምጣድ ላይ የኔ ሐሳብ፣ መጀመሪያ መለያው ይምጣ፣ ትንንሾቹ ምጣድ ሠሪዎች ምርታቸውን በርካሽ የሚያስለኩበት ቦታ ይመቻች፤ የባሰውን ማገድ ከዚያ በኋላ ይሁን። ላቦራቶሪ ለሌለው ሰው የላቦራቶሪ መስፈርት አውጥቶ መቅጣት ሱቁን መዝጋት ነው።

እስከዚያው ግን ቤታችሁ ያለው ቆጣሪ መለኪያ ነው። በቀጣዩ የመጋገሪያ ቀን ሌላውን ዕቃ ሁሉ ንቀሉ፤ ምጣዱ ከመሰካቱ በፊትና ከተነቀለ በኋላ ያለውን ንባብ ጻፉ፤ ልዩነቱን በእንጀራው ብዛት አካፍሉ። የመጀመሪያው እንጀራ ከመስፋቱ በፊት ያለውን ንባብም መዝግቡ፤ እሱ ሸክላው ራሱን ለማሞቅ ብቻ የበላው ነው።