የጀማው ዛጎል የኑሕ (ዐ.ሰ.) ጎርፍ ቅሪት ነውን?



ከሴሚስተር እረፍት ስንመለስ የመርሐቤቴ ልጅ የሆነ የዶርም ጓደኛዬ ከጀማ በረሃ ያነሣውን ነጣ ያለ ድንጋይ ይዞ መጣ። ድንጋዩ ላይ የባሕር ዛጎል በግልጽ ይታያል፤ በላዩ ያሉት መስመሮች ሳይቀሩ ይቆጠራሉ። ከዒሻ ሶላት በኋላ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር አንዱ ወንድም «ይሄማ የኑሕ ዐለይሂ ሰላም ጎርፍ ያመጣው ነው፤ ማስረጃው እጃችን ገባ!» አለ። አብዛኞቻችን ተስማማን። ጂኦሎጂ የሚማረው ወንድማችን ግን ዝም አለ። ኋላ ብቻችንን ስንሆን «ክፍል የተማርኩት ሌላ ነው። እዚያ ብናገር ዲኑን የተቃወምኩ ይመስላል ብዬ ፈራሁ» አለኝ። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ የእሱ ዝምታ ነው።

ዛጎል እንዴት ይሠራል?

ባሕር ውስጥ ለስላሳ አካላቸውን በሁለት ክዳን መካከል ደብቀው የሚኖሩ እንስሳት አሉ። አንዱ «መስል» የሚባለው ነው። መስል ከራሱ በሚያወጣቸው ጠንካራ ክሮች ከዐለት ጋር ተጣብቆ፣ ውኃ እያስገባና እያስወጣ በውስጡ ያሉትን ጥቃቅን ምግቦች አጥልሎ ይበላል። ቤቱን የሚሠራውም ከዚያው ውኃ ነው። በውኃው ውስጥ የሟሟውን ካልሲየምና ካርቦኔት ወስዶ፣ ሥጋውን የሚሸፍነው ስስ ቆዳ በክዳኑ ጠርዝ ላይ ይደርበዋል። እንስሳው ባደገ ቁጥር ክዳኑም ይሰፋል፤ ድንጋዩ ላይ የቆጠርናቸው መስመሮች የዚያ እድገት ምልክቶች ናቸው። በሱረቱ ረሕማን የምናነበው ሉልም የሚሠራው በተመሳሳይ መንገድ ነው፤ አንዳንድ ባለ ሁለት ክዳን እንስሳት ዛጎላቸውን ከውስጥ የሚለብጡበትን የሚያብረቀርቅ ነገር ደጋግመው ሲደራርቡት ሉል ይሆናል።

እንስሳው ሲሞት ሥጋው ይበሰብሳል፤ ዛጎሉ ይቀራል። ከባሕሩ ወለል ላይ ዛጎልና የዛጎል ስባሪ ከጭቃ ጋር እየተደራረበ፣ ከላይ በሚጫነው ክብደት እየተጠቀጠቀ ሲሄድ የኖራ ድንጋይ ይሆናል።

ባሕሩ ሸዋ መቼ ደረሰ?

በዘመነ ጁራሲክ፣ ከዛሬ 160 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ ከምሥራቅ አቅጣጫ የገባ ጥልቀቱ አነስተኛ የሆነ ባሕር የዛሬዋን ኢትዮጵያ ሰፊ ክፍል ሸፍኖ ነበር። በትግራይ ያለውን የዚህን ባሕር ድንጋይ በ1868 (እ.ኤ.አ.) ከናፒየር ጦር ጋር የመጣው እንግሊዛዊ ብላንፎርድ በአንጻሎ መንደር ስም ሰየመው። በ1880ዎቹ ደግሞ ኦብሪ የተባለ ፈረንሳዊ መሐንዲስ ከሸዋ የሰበሰባቸውን ቅሪተ አካላት ዱቪዬ የተባለ የፓሪስ ምሁር አጥንቶ በ1886 አሳተመ። ሞዲዮለስ የተባለው የመስል ወገን በዚያ ዘመን ባሕሮች ውስጥ ይኖር ነበር፤ ዛሬም ቀይ ባሕር ዳርቻ አለ።

እኔ የራቤል ልጅ ነኝ። «እኛ አገር ለምን ዛጎል የለም?» ብዬ ጂኦሎጂ የሚማረውን ወንድም ጠየቅኩት። መልሱ ከእግራችን ሥር ነው። ባሕሩ ከሸሸ በኋላ በላዩ አሸዋ ተከመረ፤ ከዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ደግሞ እሳተ ገሞራ ሁሉንም በቀለጠ ድንጋይ ሸፈነው። የጊሼና የመንዝ ቤቶች የሚሠሩበት ጥቁር ድንጋይ ያ ነው። ከደጋው ወደ ምዕራብ የሚወርዱት ወንዞች ወንጪትንና ጀማን ይዘው ወደ አባይ ሲጓዙ ጥቁሩን ድንጋይ ቆርጠው፣ መርሐቤቴ ላይ ሲደርሱ ከሥሩ ያለውን ነጭ ድንጋይ ገልጠውታል። እኛ ከላይ ነን፤ ባሕሩ ከታች ነው።

ታዲያ ጎርፉስ?

የአንድ ጊዜ ጎርፍ ቢሆን የሚጠበቀው የተደባለቀ ደለል ነው። በአባይ ሸለቆ ግን የኖራ ድንጋዩ በመቶዎች በሚቆጠር ሜትር ውፍረት፣ ንብርብር በንብርብር ተቀምጧል። በጎሃ ጽዮን በኩል ከሥሩ ጂፕሰም አለ። ጂፕሰም የሚፈጠረው ጨዋማ ውኃ በፀሐይ ተንኖ ሲያልቅ ነው፤ ስለዚህ ባሕሩ እየመጣና እየደረቀ ረጅም ዘመን ቆይቷል ማለት ነው።

ይህን ማለት ከዲን መውጣት አይደለም። ከ1000 ዓመት ገደማ በፊት አል-ቢሩኒ «ተሕዲድ» በተባለው መጽሐፉ የዐረብ በረሃ ቀድሞ ባሕር እንደነበረ ጽፏል። ማስረጃው ጉድጓድ ሲቆፈር የሚታየው የአፈርና የጠጠር ንብርብር፣ ድንጋይ ሲሰበርም ከውስጡ የሚገኘው ዛጎል ነበር። ኢብን ሲናም «አሽ-ሺፋእ» ውስጥ ተራሮች በረጅም ዘመን እንደሚፈጠሩ ሲያብራራ፣ በድንጋይ ውስጥ የሚገኙ የውኃ እንስሳት ቅሪቶችን ጠቅሷል። ሁለቱም ድንጋዩን አይተው የተናገሩ ሙስሊም ምሁራን ናቸው።

ቁርኣን ስለ ኑሕ (ዐ.ሰ.) ጎርፍ ነግሮናል፤ እናምናለን። ስለ ጀማ ዛጎል ግን የነገረን የለም። ያልተባለውን «ተብሏል» ብለን ለፍሬሽማን ወንድማችን ብናስተምረው፣ ነገ ክፍል ገብቶ ሲፈርስበት የፈረሰው የእኛ ግምት ሳይሆን ዲኑ ይመስለዋል። ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም። በዲን ስም ስንናገር አማና አለብን።

ወደ አገር ቤት ስትሄዱ ዛጎል ያለበት ድንጋይ ብታገኙ ቦታውን መዝግቡ፣ ፎቶ አንሡ፣ ለጂኦሎጂ ትምህርት ክፍል አሳዩ። ወንድማችንም በሚቀጥለው ሐለቃ ድንጋዩን ይዞ ሊያስረዳን ተስማምቷል፤ ኢንሻአላህ በዚያ እንገናኝ።

ወላሁ አዕለም።