ሁለተኛው ወንበር ለሴት፣ አንደኛውስ?

የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ እዚሁ አዲስ አበባ በመሆኑ፣ በኮሚሽኑ ውስጥ ማን በየትኛው ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። በተለይ ስለ ጦርነትና ሰላም በሚወሰንበት ጠረጴዛ የሴቶች ቦታ የት ነው የሚለው ጥያቄ ሲነሳ፣ እኔ ከመግለጫዎች ይልቅ የሹመቱን አሠራር ማየት እመርጣለሁ።

ኅብረቱ በወረቀት ደረጃ ጥሩ የሚባል ደንብ አለው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2018 የተካሄደው ልዩ የመሪዎች ጉባዔ ኮሚሽኑ ስምንት አባላት እንዲኖሩት፣ ሊቀመንበሩ ወንድ ከሆነ ምክትሉ ሴት፣ ሊቀመንበሯ ሴት ከሆነች ምክትሏ ወንድ እንዲሆን ወስኗል።

ውጤቱስ? በ2021 ሙሳ ፋኪ ማሐማት በሊቀመንበርነት ሲቀጥሉ፣ ሩዋንዳዊቷ ሞኒክ ንሳንዛባጋንዋ ምክትል ሆኑ። በፌብሩዋሪ 2025 በተካሄደው ምርጫ ለሊቀመንበርነት የተወዳደሩት የኬንያው ራይላ ኦዲንጋ፣ የጅቡቲው ማሕሙድ አሊ ዩሱፍና የማዳጋስካሩ ሪቻርድ ራንድሪያማንድራቶ ሦስቱም ወንዶች ነበሩ። የጅቡቲው ዕጩ አሸነፉ፤ ምክትልነቱ ለአልጄሪያዊቷ ሰልማ ማሊካ ሐዳዲ ደረሰ። ደንቡ ሁለተኛውን ወንበር ለሴት አስከበረ እንጂ አንደኛውን አላስገኘም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዕጩ የሚያቀርበው ኅብረቱ ሳይሆን አባል አገር ነው። መሪዎቹ ድምፅ የሚሰጡት ከቀረበላቸው ስም መካከል ነው፤ ስሙ ደግሞ የሚቆረጠው በየአገሩ ቤተ መንግሥትና ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ነው። ንኮሳዛና ድላሚኒ ዙማ በጁላይ 2012 የመጀመሪያዋ ሴት ሊቀመንበር ሆነው ሲመረጡ ይህ ደንብ አልነበረም። በዚያው ዓመት ጃንዋሪ የተካሄደው ምርጫ ያለ ውጤት ቢበተንም፣ ደቡብ አፍሪካ ዕጩዋን ሳታነሳ እስከ መጨረሻው በመግፋቷ በ37 ድምፅ አሸነፉ።

የፀጥታው ዘርፍ ደግሞ ይብሳል። ኮሚሽኑ ሥራ ከጀመረ ወዲህ እስከ 2025ቱ ምርጫ ድረስ የሰላምና ፀጥታ ኮሚሽነር ሆነው የተመረጡት አራቱም ወንዶች ናቸው። እኛን በቀጥታ በሚመለከተው የፕሪቶሪያ ድርድር፣ ኅብረቱ ከመደባቸው ሦስት ሸምጋዮች መካከል ሴት የነበሩት ፉምዚሌ ምላምቦ ንግኩካ ብቻ ናቸው። ኖቬምበር 2 ቀን 2022 ስምምነቱን በሁለቱም ወገን የፈረሙት ወንዶች ነበሩ። ጦርነቱ በሴቶች ላይ ያደረሰውን በደል ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ብቁ ሴት ጠፍታ ነው የሚለውን ክርክር አልቀበልም። ሣህለወርቅ ዘውዴ በ2018 ርዕሰ ብሔር ከመሆናቸው በፊት በሴኔጋል፣ በጅቡቲና በፈረንሳይ አምባሳደር፣ በናይሮቢም የተባበሩት መንግሥታት ጽሕፈት ቤት ዋና ዳይሬክተር ነበሩ። እንዲህ ያለው ሰው የሚገኘው ከዓመታት በፊት የመጀመሪያው ሹመት ሲሰጠው ነው።

ስለዚህ የጉባዔውን ውጤት ከመተቸታችን አስቀድሞ፣ የየአገሮቻችን ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሮች ለቀጣዩ ምርጫ የማንን ስም እያዘጋጁ እንደሆነ መጠየቅ ይገባናል።