ዓሣው ታመመ ተብሎ ገንዳው አይታጠብም

አኳሪየም ያለው ሰው ዓሣው ሲታመምበት መጀመሪያ የሚሰማው ምክር ይህ ነው፤ «ውሃውን በሙሉ ድፋው፣ ጠጠሩንም ፊልተሩንም አጥበህ በአዲስ ውሃ ሙላው።» ጎረቤትም ዘመድም ይለዋል፤ አንዳንዴም ዓሣውን የሸጠው ነጋዴ ራሱ ይለዋል። በቅንነት የሚሰጥ ምክር ነው። ነገር ግን ሊድን ይችል የነበረን ዓሣ ይገድላል።

ምክሩ መነሻ የለውም ማለት አይደለም። ለገንዳ ዓሣ ሕመም ዋነኛው ሰበብ የተበላሸ ውሃ ነው። ዓሣ እዚያው በሚኖርበት ውሃ ውስጥ ይጸዳዳል፤ በስንጥቡም አሞኒያ ያስወጣል፤ ሳይበላ የቀረው ምግብም በስብሶ ሌላ አሞኒያ ይጨምራል። አሞኒያ ስንጥቡን እየጎዳ አቅሙን ያዳክመዋል፤ ከዚያ ወዲያ ጥገኛ ተባዩም ባክቴሪያውም በቀላሉ ይረታዋል። ስለዚህ ውሃ መቀየሩ ተገቢ ነው። ስህተቱ ሁሉንም ውሃ መድፋቱና ፊልተሩን ማጠቡ ላይ ነው።

በፊልተሩ ስፖንጅ ላይ የሚያዘው ቡናማ ልጋግ ቆሻሻ ብቻ አይደለም። ገንዳውን በሕይወት የሚያቆዩት ባክቴሪያዎች የሚኖሩት እዚያ ነው። አንደኛው ቡድን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጣል፤ ናይትራይትም መርዝ ስለሆነ ሌላው ቡድን ተቀብሎ ጉዳቱ እጅግ ወደሚያንሰው ናይትሬት ይቀይረዋል። ይህን ሁለተኛ ሥራ የሚሠራው ናይትሮባክተር ነው ተብሎ ለረጅም ጊዜ ሲታመን ቆይቶ፣ ቲሞቲ ሆቫኔክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት በጨው አልባ ውሃ አኳሪየሞች ውስጥ ሥራው የናይትሮስፓይራ ወገን የሆኑ ባክቴሪያዎች መሆኑን አሳይተዋል። በአዲስ ገንዳ ውስጥ እነዚህ ባክቴሪያዎች ተራብተው እስኪበቁ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጅባቸዋል።

አሁን እሑድ ጠዋት የሚሆነውን እንይ። ስፖንጁ በቧንቧ ውሃ፣ ባስ ሲልም በበረኪና ይታሻል። ክሎሪን የሚጨመረው ባክቴሪያ እንዲገድል ነውና ይገድላል። ጠጠሩ ያበራል፤ ውሃው ኩልል ይላል፤ ቤተሰቡም ዓሣውን ያዳነ ይመስለዋል። በሚቀጥሉት ቀናት ግን አሞኒያው የሚለውጠው አጥቶ ይከማቻል፤ ለዓይን ስለማይታይም የሚጠረጥረው የለም። ዓሣው ክንፎቹን ከገላው ጋር አጣብቆ ወደ ውሃው ገጽ ይወጣል፤ አፉን እየከፈተ አየር ይፈልጋል፤ የስንጥቡ ክዳን ያለ እረፍት ይከፈታል፣ ይዘጋል። ይህን ያየ ሰው «አልጠራም ማለት ነው» ብሎ እንደገና ያጥበዋል።

የሚያሳዝነው ነጋዴው ነው። ሕይወት ያለው ነገር የሚሸጥ ሰው ይህን የማወቅ ግዴታ አለበት። ፊልተሩ እንዴት እንደሚያዝ ለመናገር ደቂቃዎች ይበቃሉ፤ ሳይነገረው የሄደው ደንበኛ ግን የሞተውን ዓሣ ለመተካት ተመልሶ ይመጣል፤ አዲሱም ዓሣ ባክቴሪያ ወደሌለው ገንዳ ይገባል።

ትክክለኛው አያያዝ ቀላል ነው። ከውሃው ሩቡን ወይም ሲሶውን ብቻ መቅዳት፤ የሚተካውን የቧንቧ ውሃ ክዳን በሌለው ባልዲ አንድ ሙሉ ቀን አቆይቶ፣ ሙቀቱ ከገንዳው ጋር ሲቀራረብ ቀስ አድርጎ መጨመር። ውሃው በባልዲው ሲቆይ ክሎሪኑ ይተናል። እንደ ዋሺንግተን ዲሲ አብዛኛውን ዓመት በክሎሪን ፋንታ ክሎራሚን በሚጠቀሙ ከተሞች የሚኖሩ ወገኖች ግን ውሃውን ማሳደራቸው አይበቃም፤ ክሎራሚንን የሚያከሽፍ የውሃ ማከሚያ ያስፈልጋቸዋል። ስፖንጁ ደግሞ ከገንዳው በተቀዳው አሮጌ ውሃ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ ተደርጎ ወደ ቦታው ይመለሳል። ብዙ ውሃ በአንድ ጊዜ መቀየር የሚገባው ሳሙና ወይም የተባይ ማጥፊያ ገብቶ ከሆነ ነው።

«ሙቀቱን ጨምርለት» የሚለው ምክር ደግሞ ግማሽ እውነት ነው። የጨው ቅንጣት የሚያክል ነጭ ነጥብ የሚያወጣውን ተባይ ዕድገት ሙቀት ያፋጥነዋል፤ ይህም ለመድኃኒቱ ቶሎ ያጋልጠዋል። ነገር ግን ጥጥ የሚመስል ነገር አፍ ላይ ሲወጣ ፈንገስ የሚመስለው ሕመም ብዙ ጊዜ ኮለምናሪስ የሚባል ባክቴሪያ ነው፤ እሱን ሙቀት ያባብሰዋል። በዚያ ላይ የሞቀ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ያነሰ ነው። በባሕር ጠለል ከፍታ የ25 ዲግሪ ውሃ በሊትር 8 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነው የአዲስ አበባ ከፍታ የሚይዘው 6 ሚሊግራም ገደማ ነው። ስንጥቡ ለተጎዳ ዓሣ ይህ ልዩነት ከባድ ስለሆነ፣ በአዲስ አበባ ሂተር ከመጨመር በፊት የአየር ፓምፕ ይቅደም።

«ነጩ ነጥብ ጠፋ፣ ዳነ» ማለትም ያሳስታል። ተባዩ ከዓሣው ገላ ወርዶ በገንዳው ወለል ላይ ይከፋፈላል፤ ከአንዱም በመቶዎች የሚቆጠሩ አዳዲስ ተባዮች ወጥተው ዓሣ ፍለጋ ይዋኛሉ። መድኃኒት የሚያገኛቸው በዚህ ጊዜ ብቻ ነው። ሕክምናው ነጥቡ ከጠፋ በኋላም መቀጠል ያለበት ለዚህ ነው።

የቴትራሳይክሊን እንክብል ከፍቶ ገንዳው ውስጥ መበተን ለነጭ ነጥብ ምንም አይፈይድም፤ ተባዩ ባክቴሪያ አይደለም። የፊልተሩን ባክቴሪያዎች ግን ሊጎዳ ይችላል።

«አዮዲን ያለው ጨው ዓሣ ይገድላል» የሚባለው ልክ አይደለም፤ በገበታ ጨው ውስጥ ያለው አዮዲን ለዚያ አይበቃም። በሊትር ከ1 እስከ 3 ግራም ጨው ለብዙ ዓሦች ይረዳል፤ በተለይ ናይትራይት በስንጥብ በኩል እንዳይገባ ያግዳል። አንዳንድ ካትፊሾችና የውሃ ተክሎች ግን አይስማማቸውም። ጨው ደግሞ አይተንም፤ የተነነውን ውሃ ሲተኩ እንደገና ጨው መጨመር መጠኑን ያሳድገዋል።

የታመመን ዓሣ «እንዲበረታ» ማብላትም ጉዳት ነው። ጤናማ የነበረ ትልቅ ዓሣ ጥቂት ቀን ሳይበላ መቆየት አያቅተውም፤ ያልተበላው ምግብ ግን አሞኒያ ይሆናል።

በመጨረሻ፣ «የዓሣ በሽታ ሰው አይዝም» የሚባለው። አብዛኛው አይዝም። ማይኮባክቴሪየም ማሪነም የሚባለው ባክቴሪያ ግን በተቧጨረ ቆዳ በኩል ይገባል፤ ጣትና እጅ ላይ ቀስ ብሎ የሚያድግ እብጠት ወይም ቁስል ያወጣል፤ ሕክምናውም ወራት ሊፈጅ ይችላል። ቁስል ያለበት እጅ ያለ ጓንት ገንዳ ውስጥ መግባት የለበትም። እንዲህ ያለ የማይድን እብጠት የወጣበት ሰውም ቤቱ አኳሪየም እንዳለ ለሐኪሙ ይንገረው፤ ካልተነገረው ሐኪሙ ይህን ባክቴሪያ ላይጠረጥር ይችላል።