የጸደይ መሰናዶና የቤት ትምህርት በቬርሞንት ገጠር

በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ በምትገኘው በቬርሞንት ግዛት፣ ልጆቻቸውን ወደ ትምህርት ቤት ሳይልኩ በቤታቸው የሚያስተምሩ የገጠር ቤተሰቦች አሉ። በእነዚህ ቤተሰቦች ዘንድ የጸደይ መሰናዶ ከትምህርት ተለይቶ የሚታይ አይደለም፤ ይኸውም ሥራው ራሱ መምህር ስለ ሆነ ነው።

መሰናዶው የሚጀመረው በረዶው ሳይቀልጥ፣ በየካቲት ነው። ሌሊቱ ውሃ የሚያረጋ፣ ቀኑ ግን ለዘብ ያለ ሲሆን፣ ሜፕል ከሚባለው ዛፍ ጣፋጭ ፈሳሽ ይወርዳል። ልጆቹ ግንዱን እየለኩ፣ ወርዱ 25 ሳንቲሜትር ያልደረሰውን ሳይበሱ ያልፉታል። 1 ሊትር ሽሮፕ ለማግኘት 40 ሊትር ያህል ፈሳሽ መፍላት ስላለበት፣ ስሌትን ከምድጃው አጠገብ ይማራሉ። እንደዚሁም የመጨረሻው ውርጭ ከሚጠበቅበት ቀን 6 ወይም 8 ሳምንት ወደ ኋላ ቈጥረው የቲማቲም ዘር በቤት ውስጥ ይዘራሉ። ይሁን እንጂ ፈሳሹ በሚወርድበት ሰሞን ሥራው ፋታ ስለማይሰጥ፣ መጽሐፉ ተከድኖ ሊሰነብት ይችላል።

እንግዲህ እንዲህ ያለው ዕውቀት በምን ይመዘናል? በቬርሞንት ወላጆች ልጃቸውን በቤት ማስተማራቸውን ለመንግሥት ማስታወቅ አለባቸው፤ በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ግን የዓመቱን ምዘና ለመንግሥት መላክን አስቀርቶ፣ ማስረጃው በወላጆች እጅ እንዲቀመጥ አድርጓል። ስለዚህ ማፍላቱ በመዝገብ ላይ «ስሌት»፣ ዘሩ «የተፈጥሮ ሳይንስ» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል።

የእኛም አገር የገበሬ ልጅ ዘር መምረጥንና ወቅት መለየትን ከወላጆቹ ይማራል፤ ነገር ግን ይህን ትምህርት ብሎ የሚመዘግብለት የለም። በሥራና በትምህርት መካከል ያለው ድንበር፣ ከድርጊቱ ይልቅ በስያሜው ላይ የቆመ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።