የሙያ ሰው ዶክትሬትና የእኩልነቱ ክርክር

በኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ሙያ የተሠማራ ሰው መደበኛ ሥራውን ሳይለቅ፣ ከዚያው ከዕለት ተግባሩ በተነሣ ጥያቄ ላይ ምርምር አድርጎ የዶክትሬት ማዕርግ ቢቀበል፣ ማዕርጉ ዘመኑን በቤተ መጻሕፍትና በቤተ ሙከራ ካሳለፈው ሊቅ ማዕርግ ጋር በአንድ ሚዛን ይቀመጣልን? ይህ ጥያቄ በዩኒቨርሲቲዎች ጉባኤ ከተነሣ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ክርክሩም እስከ ዛሬ አልተዘጋም።

የምርምር ዶክትሬት የሆነው ፒኤችዲ ዛሬ የምናውቀውን መልክ የያዘው በጀርመን አገር ነው፤ ዓመቱን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ብንወስድ፣ ቪልሄልም ፎን ሁምቦልት ባሰበው ሥርዓት በ1810 የቆመው የበርሊን ዩኒቨርሲቲ፣ መምህር የተጻፈውን ከማስተማር አልፎ ያልታወቀውን እንዲመረምር፣ ደቀ መዝሙሩም በዚሁ ምርምር አብሮት እንዲደክም አደረገ። ማዕርጉ በ1861 በአሜሪካ ዬል፣ በ1917 በእንግሊዝ ኦክስፎርድ፣ በ1948 ደግሞ በአውስትራሊያ ሜልበርን ደረሰ። ይሁን እንጂ ዩኒቨርሲቲ የሚያፈራው ሰው ሁሉ በዩኒቨርሲቲ የሚቀር ስላልሆነ፣ ለባለሙያዎች የሚሆን ሌላ መንገድ ተፈለገ፤ ሃርቫርድ በ1920ዎቹ መባቻ የትምህርት ዶክተር የሚባለውን ማዕርግ ጀመረ፤ ብሪታንያም በ1992 የምሕንድስና ዶክትሬትን አቋቋመች። ነገር ግን ያው ሃርቫርድ በ2012 የትምህርት ዶክተር ማዕርጉን በፒኤችዲ ለመተካት መወሰኑን ማስታወቁ፣ ክርክሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ሆነ ያሳያል።

በኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ረገድ የአውስትራሊያ ሥርዓት ግልጽ ምሳሌ ነው። በዚያ አገር የትምህርት ማዕቀፍ የምርምሩም የሙያውም ዶክትሬት በመጨረሻው በ10ኛው ደረጃ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ከትምህርቱም አብዛኛው፣ ይኸውም በተለምዶ ከሦስት ሁለት እጁ፣ ምርምር እንዲሆን ይጠበቃል። ቻርልስ ስተርትን የመሰለ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ሙያ የዶክተርነት ማዕርግ ሲሰጥ፣ ተማሪው አስቀድሞ የምርምርን ዘዴ በትምህርት ይቀስማል፤ ከዚያ በኋላ የራሱን ሐተታ ይጽፋል።

ነገሩ በምሳሌ ይገለጥ። በሜልበርን ከተማ ባለ ሆስፒታል የበሽተኞችን መዝገብ በኮምፒውተር የሚያስተዳድር አንድ ባለሙያ አለ እንበል። በከተማይቱ ብዙ ኢትዮጵያውያን ስለሚኖሩ፣ ጸሐይ የተባለች እናት ልትታከም በመጣች ቍጥር መዝጋቢው ስምዋን በላቲን ፊደል አንድ ቀን በ«ቲ»፣ ሌላ ቀን በ«ኤስ» ይጀምረዋል፤ የአባትዋም ስም አንዴ በቤተሰብ ስም ቦታ፣ አንዴ በሁለተኛ ስም ቦታ ይገባል። በዚህ ምክንያት አንዲቱ ሴት በመዝገቡ ውስጥ ሦስት ሴቶች ሆና ትገኛለች፤ ፔኒሲሊን እንደማይስማማት የተጻፈው ማስጠንቀቂያም በአንደኛው ላይ ብቻ ይቀራል። ባለሙያው እነዚህን መዝገቦች ፈልጎ የሚያገናኝ ፕሮግራም ቢሠራና ቢሳካለት አለቃው ያመሰግነዋል፤ የሆስፒታሉም ጉዳይ በዚያው ያልቃል። ሥራውን ለዶክትሬት ሐተታ ቢያቀርበው ግን፣ የሐተታው መርማሪዎች አለቃው ካቆመበት ይጀምራሉ፤ ፕሮግራሙ የሁለት የተለያዩ ሴቶችን መዝገብ በስሕተት ስንት ጊዜ አንድ አደረገ? ከቀድሞው ዘዴ ጋር ተመዝኗልን? የቬትናም ስም በበዛበት ሆስፒታልስ ቢተከል ይሠራልን?

ፕሮግራም መንደፍስ ራሱ ምርምር ሊባል ይችላልን? አሜሪካዊው ሊቅ ሄርበርት ሳይመን ሰው ሠራሽ ነገሮችን ስለሚመረምረው ሳይንስ በ1969 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የመንደፍ ጥበብ ራሱ ለሊቃውንት ምርምር የሚበቃ መሆኑን አስረዳ። ተመራማሪው አላን ሄቭነርና ሦስት ጓደኞቹም በ2004 ለዚህ ዓይነቱ ምርምር ሰባት መመሪያዎችን አወጡ፤ ከእነዚህም መካከል የተሠራው ነገር በጥብቅ መፈተን እንዳለበትና ለዕውቀት የጨመረው ነገር ተለይቶ መታየት እንዳለበት የሚያዝዙት ይገኙባቸዋል። እንግዲህ ፕሮግራም መሥራት ብቻውን ዶክትሬት አያሰጥም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ተመራማሪው በአንድ ጊዜ ሁለት ሰው፣ ሠራተኛም ተመራማሪም፣ መሆኑ ነው። የሚመረምረው የገዛ እጁን ሥራ ስለ ሆነ ለራሱ ሊያደላ ይችላል፤ የሚጠይቃቸው ሠራተኞች ከበታቹ ያሉ ከሆኑ በነጻ ፈቃዳቸው መመለሳቸው ያጠራጥራል፤ አሠሪውም ምስጢሬ ይወጣብኛል ብሎ ሐተታው እንዳይታተም ሊከለክል ይችላል። የአውስትራሊያ ዩኒቨርሲቲዎች ሐተታውን ከውጭ ለመጡ ሁለት ወይም ሦስት መርማሪዎች ማቅረባቸው ቢያንስ አድልዎን ለመከላከል ይረዳል። በእኛም በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን፣ ድጓ የተባለውን የዜማ መጽሐፍ የሚማር ሰው በየትም አድባር ቢማር፣ ቤተ ልሔም ወደሚባለው የድጓ ማስመስከሪያ ቦታ ወርዶ ካላስመሰከረ ምስክር አይባልም፤ ያስተማረው መምህር ምስክርነት ብቻውን አይበቃምና።

እውነት ነው፤ በዩኒቨርሲቲ ወንበር ለማስተማር የሚሻ ሰው ቀጣሪዎች ዛሬም ፒኤችዲን ሲያስቀድሙ ያገኛቸው ይሆናል፤ ይህ ግን የልማድ እንጂ የዕውቀት ፍርድ አይደለም። የሁለቱን ማዕርግ እኩልነት ለመፍረድ የሚነሣ ሰው፣ ጥያቄው ከመሥሪያ ቤት ይምጣ ከመጻሕፍት ከማለት ይልቅ፣ ምርምሩ ከተመራማሪው ጥቅም ነጻ በሆኑ ሰዎች መፈተኑንና ሌላ ተመራማሪ አንብቦ ሊያርመው ወይም ሊቀጥለው መቻሉን ይጠይቅ። ይህ የተሟላለት የሙያ ዶክትሬት ለማንም ወንድም እንጂ ሎሌ አይሆንም፤ በአሠሪው ሣጥን ተቈልፎ የሚቀር ሐተታ ግን፣ ስሙ ፒኤችዲም ቢባል፣ መሥሪያ ቤቱን ጠቅሞ ይሆናል እንጂ ለዕውቀት የጨመረው የለም።